የርካሽ ጉዞ ታሪክ፤ ከየጁ ሲራራ እስከ አየር ትኬት

አንድ የመርሳ ከተማ ነዋሪ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ቤይሩት ለመብረር ሲያስብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የአይሮፕላን ትኬት ስንት እንደ ሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሒሳቡ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ከመርሳ እስከ አዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ያህል የየብስ ጉዞ አለ፤ ለዚህም የሚከፈል ታሪፍ አለ። በረራው እስኪደርስ የሚታደርበት አልጋ ኪራይ አለ፤ መንገደኛው ከእርሻው ወይም ከሱቁ ተለይቶ የሚያሳልፈው ቀን ዋጋ አለው፤ በዚህ ሁሉ ላይ «ጉዳይህን እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ የሚወስደው ይጨመርበታል። ትኬቱ ረክሶ የተገኘለት ሰው ጉዞው ግን ተወዶበት የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ርካሽ ጉዞ በዕድል ወይም በብልጠት ብቻ የሚገኝ ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የወልዲያ፣ የመርሳና የሀብሩ ሕዝብ የጉዞ ታሪክ ሲመረመር ግን የጉዞ ዋጋ በአራት ነገሮች እንደሚወሰን ይታያል፤ እነርሱም መንገድ፣ ማረፊያ ሜዳ፣ የሞላ ወንበርና ሕግ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ዋጋውን የሚከፍለው መንገደኛው ነው፤ ይኸውም አንዳንድ ጊዜ በገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜ በጊዜ፣ ሲከፋም በሕይወት ነው።

በእግርና በአጋሰስ

ሞተር ከመምጣቱ በፊት በየጁ ምድር የሚያልፍ መንገደኛ ለጉዞው የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ጥቂት ነበር። ወጪው በዋነኛው ቀንና ጉልበት፣ ስንቅና የከብት መኖ ነበር። አካባቢው ከሸዋ ወደ ትግሬ በሚያወጣው የደጋ መንገድና ወደ አፋር ቆላ በሚያወርደው መውረጃ መገናኛ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ሲራራ ነጋዴ አላጣውም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ደጋው ገበያ ይደርስ ነበር።

ሲራራው ብቻውን አይሄድም። ነጋዴዎች በአንድ መሪ ሥር ተሰብስበው የሚጓዙት ከሽፍታ ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን ወጪውን ለመከፋፈልም ነበር። ጠባቂው ለአንድ አጋሰስም ሆነ ለሃምሳ አጋሰስ ያው ስለ ሆነ፣ የተጓዡ ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። በኋላ ዘመን «ቻርተር» የተባለው የአይሮፕላን ኪራይ የቆመበት ሐሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ደግሞ የአገሩ ልማድ ይደግፈው ነበር። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጃፍ የቆመ ሰው ማደሪያ አይነፈግም ነበር። በገና ሰሞን በእግሩ ወደ ላሊበላ የሚወጣው ክርስቲያንም ሆነ ወደ መካ ለመሻገር ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርድ የነበረው ሙስሊም ሐጃጅ ጉዞው የሚቻለው በስንቁ ብቻ ሳይሆን በማያውቀው ሰው ቤት እንጀራ ጭምር ነበር። እንግዲህ የዚያ ዘመን ጉዞ ርካሽ ሆኖ የታየው ወጪው ስላልነበረ ሳይሆን በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ተከፋፍሎ ስለ ተሸፈነ ነው።

አውራ ጎዳናና አይሮፕላን

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አይሮፕላን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጣውም ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ለብዙው የወሎ ሕዝብ ግን አይሮፕላን የታወቀው በመጓጓዣነቱ አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። በዚያ ትውልድ አእምሮ ውስጥ የአይሮፕላን ድምፅ የመሸሸጊያ ምልክት ሆኖ መቆየቱ የሚያስገርም አይደለም።

ያው ወራሪ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከአስመራ በወልዲያና በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና ሠራ። ዓላማው ወታደርና ስንቅ ማመላለስ ነበር። ከድል በኋላ ግን መንገዱ የሕዝብ ሆነ። ጥገናው ቸል በመባሉ በየክረምቱ ይጎዳ ስለ ነበር፣ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ የሚመጣው ሎንቺና አውቶቡስ ወልዲያን ከዋና ከተማው ጋር አገናኘ። በአጋሰስ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በመንገድ አድሮ የሚደረስበት ሆነ። ቀጥሎም በደርግ ዘመን በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራው የወረታ–ወልዲያ መንገድ፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ ከተማዋን ከጎንደርና ከጎጃም ጋር አያይዞ የመንገድ መጋጠሚያ አደረጋት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ የተነሣው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። አይሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ዳኮታዎች፣ ማለት የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነቶች ነበሩ። ውስጣቸው ለምቾት የተሰናዳ አልነበረም። መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ መካከሉ ለጭነት ይተው ነበር። ሰውና ዕቃ አንድ በረራ መጋራታቸው ወጪውን ያቃልለው ስለ ነበር፣ ይህ ድህነት የመሰለ አሠራር በራሱ የርካሽ ጉዞ ዘዴ ነበር።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን አይሮፕላኑ በአገር ውስጥ ይበልጥ የተፈለገው መንገድ በሌለበት ስፍራ ነው። በበቅሎ ብዙ ቀን የሚያስኬድ ስፍራ ሲሆን የአየር ታሪፉ ከስንቁ፣ ከመኖውና ከባከነው ቀን ጋር ሲመዘን ርካሽ ሆኖ ይገኝ ነበር። ላሊበላ፣ የላስታ ተራራ ከአውራ ጎዳናው ስለ ከለለው፣ የአይሮፕላን ማረፊያ አገኘ፤ ቆይቶም ከአክሱም፣ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ጋር የጎብኚዎች የበረራ መስመር አካል ሆነ። አውራ ጎዳናው በደጃፋቸው ያለፈላቸው ወልዲያና መርሳ ግን መደበኛ የመንገደኛ በረራ ሳያገኙ ቀሩ። መንገዱ ሲራራውን ተክቶ ርካሽ ጉዞ ሰጣቸው፤ ያው መንገድ ግን ማረፊያ ሜዳን አስፈላጊ እንዳይመስል አደረገው።

ከዚህ የተነሣ የወልዲያ ሰው በአየር ለመጓዝ ሲፈልግ ሁለት አማራጭ ይቀርብለታል። አንደኛው በደሴ በኩል 145 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ ነው። ሁለተኛው በጋሸና በኩል 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላሊበላ መድረስ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የሚያደርሱት ወደ ቦሌ ስለ ሆነ፣ ብዙው ሰው አውቶቡሱን ይመርጣል።

ወንበር ለምን ይወደዳል?

የትኬት ዋጋ የኩባንያ ፈቃድ ብቻ የሚመስለው መንገደኛ ብዙ ነው። ከዋጋው በስተጀርባ ያለው ግን በመጀመሪያ የፊዚክስ ሕግ ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው የማንሣት ኃይልና ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳሉ። ስለዚህ በደጋ ምድር የሚነሣ አይሮፕላን ወይ ረጅም ሜዳ ይሻል፣ ወይ ጭነቱን ይቀንሳል። ቀኑ በሞቀ ቁጥር ችግሩ ይብሳል። ሜዳው አፈር ከሆነም ክረምት ሲገባ ጭቃው ይጨመራል። በሜዳ እጥረት ከአይሮፕላኑ የሚቀነስ እያንዳንዱ መንገደኛ ድርሻውን ለቀሩት ትቶ የሚወርድ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 28 ወንበር ያለው አንድ ዲሲ-3 ለአንድ በረራ የሚያስፈልገው ወጪ በ28 እኩል ድርሻ ቢከፈልና ወንበሩ ሁሉ ቢሞላ እያንዳንዱ መንገደኛ አንድ ድርሻ ይከፍላል። 14 ሰው ብቻ ከተሳፈረ ሁለት፣ 7 ብቻ ከተሳፈረ አራት ድርሻ ይደርስበታል። ነዳጁ፣ የአብራሪዎቹ ደመወዝና የማረፊያ ክፍያው በወንበሩ መሙላትና መጉደል ብዙ አይለወጡም። ዛሬ በአገር ውስጥ መስመር ላይ የሚሠራው ከ70 ወንበር በላይ ያለው ኪው-400 አይሮፕላን ቢሆንም ሕጉ ያው ነው።

በወልዲያ መናኸሪያ የሚቆም ሚኒባስ ይህን ችግር በቀላሉ ይፈታዋል፤ ሳይሞላ አይነሣም። ታሪፉ ዝቅ ያለ የሚሆነው መንገደኛው ቀሪውን ዋጋ በመጠበቅ ስለሚከፍል ነው። አይሮፕላን ግን በሰዓቱ መነሣት አለበት፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር እንደ ፈሰሰ ውሃ የማይታፈስ ነው። ስለዚህ አየር መንገዶች ወንበር የሚሞሉት በዋጋ ነው። አስቀድሞ ለሚገዛ፣ የጉዞ ቀኑን ለሚያለዋውጥ፣ ሰው በማይበዛበት ሰሞን ለሚሄድ ጥቂት ወንበሮችን በዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባሉ፤ እነዚያ ሲያልቁ ዋጋው ከፍ ይላል።

ይህ ከገበያ ልማድ ጋር የሚጋጭ ነው። በመርሳ ገበያ ፍራፍሬ የሚገዛ ሰው ዋጋው እስኪወርድ እስከ ምሽት ይጠብቃል፤ ሻጩ ብርቱካኑን ተሸክሞ መመለስ ስለማይፈልግ ይቀንስለታል። በአየር ትኬት ላይ ግን ዘግይቶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የሚያስገድደው ጉዳይ ያለበት ሰው ነው፤ ለቅሶ የሚደርስ፣ ታማሚ የሚያስታምም ወይም ውል ያለበት ነጋዴ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። በገበያ ልማድ ተመርቶ «በመጨረሻ ይረክሳል» ብሎ የጠበቀ መንገደኛ ከሁሉ የበለጠውን ዋጋ የሚከፍለው ስለዚህ ነው። እንዲሁም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ ነዳጅና መለዋወጫ በዶላር የሚገዙ በመሆናቸው፣ በብር ለሚከፍለው መንገደኛ ሸክሙን አክብዶበታል።

ከሌላው ዓለም የመጣው ትምህርት

የአየር ጉዞ በሌላው ዓለምም ከመጀመሪያው ርካሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተደረገውና ኢትዮጵያም የተካፈለችበት ስምምነት የአየር ክልል የየመንግሥታቱ መሆኑን አጸደቀ። በተከታዩ ዓመት በሐቫና የተቋቋመው የአየር መንገዶች ማኅበር አያታ ደግሞ ኩባንያዎች ታሪፋቸውን በስምምነት የሚወስኑበት መድረክ ሆነ። ውድድር ባለመኖሩ ዋጋው ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ይህን አሠራር ከተፈታተኑት አንዱ እንግሊዛዊው ፍሬዲ ሌከር ነው። መስከረም 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ «ስካይትሬን» የተባለውን በረራ በ59 ፓውንድ ጀመረ። መንገደኛው ቦታ አስቀድሞ አይዝም፤ በዕለቱ ተሰልፎ ይገዛ ነበር፤ ምግብም ለብቻው ይከፈልበት ነበር። በተከታዩ ዓመት አሜሪካ የአገር ውስጥ ታሪፏን ለውድድር ክፍት አደረገች። የሌከር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ቢከስርም ሐሳቡ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ በረራ የጀመረው ሳውዝዌስት ደግሞ ጥበቡን በምሕንድስና መንገድ አሳየ። አንድ ዓይነት አይሮፕላን ብቻ በመያዝ የመለዋወጫና የሥልጠና ወጪን ቀነሰ፤ አይሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ በማሳጠርም በቀን የሚያደርገውን በረራ አበዛ። መሬት ላይ የቆመ አይሮፕላን ገንዘብ እንደማያስገባ የየጁ ሲራራም ስለ ቆመ አጋሰስ ያውቅ ነበር።

በአፍሪካ የአገሮች ገበያ ተዘግቶ መቆየቱ ለዋጋ መወደድ ትልቅ ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 የያሙሱክሮ ውሳኔ ገበያው እንዲከፈት አዘዘ። አፈጻጸሙ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በአዲስ አበባ አንድ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ መቋቋሙ ታወጀ።

የሀብሩ ወጣትና ሁለቱ መንገዶች

ይህ ሁሉ ታሪክ ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ነዋሪ ከማወቅ ጉጉት ያለፈ ትርጉም አለው። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። ወደ ሳውዲ ዓረቢያ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከቦሌ ተነሥቶ ከሁለት ሰዓት ብዙ በማይበልጥ ጊዜ ጅዳ የሚያደርስ በረራ ነው። ሁለተኛው በአፋር በረሃ በኩል ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም በእግርና በመኪና ወደ ድንበሩ የሚያዘልቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ርካሽ መስሎ ይታያል። ደላላው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ዋጋው በየኬላው ይጨምራል፤ የመን ውስጥ ታግቶ ወላጆቹ ከብት ሸጠው ያስለቀቁት ወጣት የከፈለው ከብዙ ትኬት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ሰጥመው በርካታ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። ይህ ዋጋ በማንኛውም ታሪፍ ላይ የተጻፈ አይደለም።

ሕግም በዚህ ምርጫ ላይ ድርሻ አለው። መንግሥት ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን ጉዞ አገደ፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ የአየሩ መንገድ ለሠራተኛው ተዘጋ፤ የባሕሩን መንገድ ግን እገዳው አልዘጋውም። በዚያው በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ የተባረሩ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ በአይሮፕላን ተጭነው ተመለሱ። በበረሃ የሄዱትን ሰዎች ወደ አገራቸው የመለሳቸው በረራ መሆኑ መራራ ትምህርት ነው።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይህን ችግር ለማቃለል የወጣ ነው። በአዋጁ መሠረት የቪዛ ክፍያና የደርሶ መልስ መጓጓዣ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርትና እንደ ጤና ምርመራ ያሉትን ነው። እንግዲህ በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ አንዲት የሀብሩ ልጅ የአየር ትኬት ዋጋ ሊጠየቅባት አይገባም። ይህን የማታውቅ ልጅ ግን «ትኬትሽን ርካሽ አድርጌ ገዛሁልሽ» ለሚላት ደላላ በነፃ ልታገኘው የሚገባትን ነገር ትከፍላለች፤ አባቷም በሬውን ይሸጣል።

ለባለሙያው የቀረ ሥራ

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ወልዲያንና አካባቢዋን ከጎዳ በኋላ የመንገድና የማረፊያ ዋጋ ይበልጥ ታይቷል። የኮምቦልቻና የላሊበላ ማረፊያዎች ጉዳት ደረሰባቸው፤ በረራም ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግንባታው የተጀመረውና ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መስመርም የጦርነቱ ዳፋ ደርሶበታል። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን አማራጭ የሌለው ታማሚ የሚከፍለውን ዋጋ ማንም በታሪፍ ሰሌዳ ላይ አያገኘውም።

ከዚህ ታሪክ ለመንገደኛው የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ከቤት ደጃፍ እስከ መድረሻው ያለውን ወጪ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መደመር፣ የጉዞ ቀንን አስቀድሞ መወሰንና ከበዓል ሰሞን መራቅ፣ ኮምቦልቻን፣ ላሊበላንና አውቶቡሱን በድምር ዋጋቸው ማወዳደር ይገባል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከገባ በአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ የሚያገኝ መሆኑን ቢያውቅ ሁለቱን ትኬት ለየብቻ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ትኬቱ በራሱ ስም መቆረጡንና ዋጋውን ማን መክፈል እንዳለበት ሳያውቅ ለማንም ገንዘብ አይስጥ።

ለማኅበሩ አባላት የሚወጣው ግን ከምክር ያለፈ ሥራ ነው። ከወልዲያ ወደ ጋሸና በሚያወጣው ዳገት ላይ ውሃ መውረጃው በክረምት ሳይደፈን ቢቆይ፣ አውቶቡሱ የሚደርስበት ሰዓት አይሮፕላኑ ከሚነሣበት ጋር ቢገጥም፣ የማረፊያው ሜዳ ርዝመት ለሙሉ ጭነት የሚበቃ ሆኖ ቢነደፍ፣ የእያንዳንዱ ትኬት ድምር ዋጋ ይወርዳል። መንገደኛው ይህን ያደረገለትን መሐንዲስ ስም አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው፣ በማለዳ ከመርሳ የተነሣች ልጅ የሕጋዊ ውሏንና ትኬቷን በእጇ ይዛ፣ ለማንም የማይገባ ገንዘብ ሳትከፍል፣ ቦሌ መድረሷ ነው።